እንቅርት ከአንገት ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?



በአንድ ሰው ላይ መከራ ሲደራረብ አባቶቻችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ። ከዚህ ተረት የምንረዳው እንቅርት በአገራችን ምን ያህል የቆየና የተለመደ በሽታ መሆኑን ነው። በደጋው አገር ብዙ እናቶች አንገታቸውን ይነቀሱ የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ንቅሳቱ እንቅርትን ይከለክላል ተብሎም ይታመን ነበር። በሽታው የተለመደ ስለ ሆነም ብዙ ሰው ይንቀዋል። «አያቴም ነበራት፤ እናቴም ነበራት፤ ምን ያደርጋል!» ሲባል ሰምቼአለሁ።

እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በሰፈራችን በሓድነት በአንዲት ጎረቤታችን ላይ የደረሰው ነገር ነው። እኒህ እናት ስማቸውን ሳልጠራ ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ እንቅርት ምን እንደ ሆነ፥ አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር ሲለወጥ ባልተጠበቀ የሰውነት ክፍል እንዴት እንደሚገኝ፥ ሐኪሞችም በምን መሣሪያ እንደሚያዩት በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ። እኔ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁምና ጽሑፌ የሐኪምን ምክር የሚተካ አይደለም።

የጎረቤታችን ታሪክ

ጎረቤታችን እንቅርት ያወጡት ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። አያማቸውም ነበር፤ ስለዚህ ማንም አላሳሰበውም። ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት ግን በራሳቸው ኋላ፥ ከጠጕራቸው ሥር፥ የሎሚ ፍሬ የምታህል እብጠት ወጣች። እብጠቷ ለስላሳ ነበረች፤ እጅ ሲያርፍባትም እንደ ልብ ትር ትር ትል ነበር። አስቀድመው ጠበል ተጠመቁ፤ ቀጥሎ ቅቤ ተቀቡ። ወደ አንድ ክሊኒክ በሄዱ ጊዜም «የስብ እብጠት ነው» ተብሎ በምላጭ ሊወጣ ተሞከረ። ደሙ እንደ ምንጭ ስለ ፈሰሰ ሥራው ተቋርጦ ቁስሉ ተሰፋ።

ከዚህ በኋላ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልከው በሲቲ ስካን ሲታዩ እብጠቷ ከቆዳ በላይ ብቻ እንዳልሆነች ታወቀ። ከሥሯ ያለው የራስ ቅል አጥንት ተበልቶ ቀዳዳ ሆኖ ነበር። በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ በአጕሊ መነጽር ሲመረመር በራስ ቅል ላይ የተገኙት ሕዋሳት የራስ ቅል ሕዋሳት አልነበሩም፤ የእንቅርት ዕጢ ሕዋሳት ነበሩ። ሐኪሙም ወደ አንገታቸው ተመልክቶ «አደየ፥ ይህ እንቅርት መቼ ወጣብዎ?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ እርሱማ የቆየ ነው፤ እኔ የመጣሁት ለራሴ ነው» ብለው መለሱለት።

በዚህ አነጋገር ውስጥ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይገኛል። ሕመሙ በራስ ላይ ሲታይ ሥሩ በአንገት ላይ ነበር።

ዕጢው፥ ጨውና የእኛ አገር

የእንቅርት ዕጢ፥ በሐኪሞች ቋንቋ ታይሮይድ፥ ከማንቁርት በታች የምትገኝ የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ዕጢ ናት። በዐዋቂ ሰው ክብደቷ 20 ግራም ያህል ነው። ሥራዋ ሰውነት ምግብን በምን ፍጥነት እንዲያቃጥል፥ ልብ በምን ፍጥነት እንዲመታ፥ የሕፃን አንጎልም እንዴት እንዲያድግ የሚያዝ ታይሮክሲን የተባለ ሆርሞን መሥራት ነው። ይህ ሆርሞን ያለ አዮዲን አይሠራም። እያንዳንዱ የታይሮክሲን ሞሊኪውል አራት የአዮዲን አቶሞች አሉት።

አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ 1 ግራም አዮዲን አንድን ሰው ከ18 ዓመት በላይ ይበቃዋል ማለት ነው! ይሁን እንጂ በደጋው አገር የዘመናት ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለ ወሰደው በዚያ አፈር የበቀለው እህል ይህንም ያህል አይሰጥም። አዮዲን ሲጐድል በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ «ሥሪ! ሥሪ!» የሚል ትእዛዝ በሆርሞን ትልካለች። የእንቅርት ዕጢም ሥራዋን ለመፈጸም ስትል ታድጋለች፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ጓል ጓል ትሆናለች። እንቅርት የምንለው ይህንን ነው።

እኛ የመቐለ ልጆች የጨው ከተማ ልጆች ነን። ግመሎች ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በብርሃለ በኩል አሞሌ ጨው ተሸክመው ወደ ከተማችን ሲመጡ የኖሩ ናቸው። ታዲያ ጨው በሞላበት ከተማ እንቅርት ለምን ይገኛል? መልሱ ቀላል ነው። ከምድር ተቈርጦ የሚወጣው ጨው የሚጠቅም ያህል አዮዲን የለውም፤ አዮዲን በሰው እጅ ሊጨመርበት ያስፈልጋል። በአገራችንም ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. አውጥቶአል።

እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ካንሰር አለበትን? የለበትም። አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም፤ ይህንን በደንብ እንድታውቁልኝ እለምናለሁ። ዳሩ ግን አዮዲን በጐደለበት አገር ከሚገኙት የእንቅርት ካንሰሮች መካከል ፎሊኩላር የሚባለው ዓይነት ድርሻው ከፍ ያለ ነው። ይህ ዓይነት ደግሞ የመሰደድ ጠባይ አለው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ላሳስብ። በአማርኛችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች ያገለግላል። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል በባክቴሪያ የሚመጣው ቲቢ ነው፤ ብቻውን «ነቀርሳ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ካንሰር ማለት ነው። እንዳይደናገር ብዬ በዚህ ጽሑፍ «ካንሰር» የሚለውን ቃል መርጫለሁ።

ዘርና አፈር

ካንሰር ከተነሣበት ቦታ ወደ ሌላ የሚሄድባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። ከእንቅርት ካንሰር ዓይነቶች እጅግ የሚበዛው ፓፒላሪ የተባለው በሊምፍ ቧንቧ እየሄደ በአንገት ጐንና ጐን ባሉት ንፍፊቶች ውስጥ ይሰፍራል። ፎሊኩላር ግን ደም ሥርን ሰብሮ ይገባል። ከዕጢዋ የወጣው ደም ወደ ልብ፥ ከልብም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ሳንባ በቀጫጭን ደም ሥሮቹ እንደ ወንፊት ስለ ሆነ ብዙዎቹ የካንሰር ሕዋሳት በዚያ ይያዛሉ። ከወንፊቱ ያመለጡት ደግሞ ደም በሚበዛባቸው አጥንቶች፥ ማለትም በአከርካሪ፥ በዳሌ፥ በጐድንና በራስ ቅል ይሰፍራሉ። ስለዚህ ሳንባና አጥንት የተለመዱት ማረፊያዎቹ ናቸው።

እስጢቨን ፓጀት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1889 (እ.ኤ.አ.) የካንሰርን መሰደድ በዘርና በአፈር መሰለው። ነፋስ ዘርን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ ዘሩ የሚበቅለው ግን በሚስማማው አፈር ላይ ነው። የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ምሳሌ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ከዐለት ስንጥቅ መካከል የበቀለች የገብስ ዘለላ ያየ ሰውም ዘር አንዳንድ ጊዜ ባልታሰበበት ቦታ እንደሚበቅል ያውቃል። የእንቅርት ካንሰርም እንዲሁ አልፎ አልፎ በአንጎል፥ በጉበት፥ በኵላሊት፥ በቆዳ፥ በጡንቻ፥ በዓይን ጕድጓድ፥ ከኵላሊት በላይ ባለችው ዕጢና በጣፊያ አጠገብ ባለው በቆሽት ሳይቀር ተገኝቶአል።

አስቸጋሪው ነገር በእንግዳ ቦታ የሰፈረው ካንሰር የዚያን ቦታ በሽታ መምሰሉ ነው። በኵላሊት ላይ ሲሆን የኵላሊት ካንሰር ይመስላል። በራስ ቆዳ ላይ ሲሆን የስብ እብጠት ይመስላል። በዓይን ጕድጓድ ሲሆን ዓይንን ወደ ውጭ ይገፋል። በዳሌ ሲሆን ደግሞ «እርጅና ነው» ይባላል። በሽታው ዝግ ብሎ የሚያድግ ስለ ሆነ ሰውየው ለብዙ ዓመት ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። የጀርመን ሊቅ ዩልዩስ ኮንሃይም በ1876 (እ.ኤ.አ.) ተራ እንቅርት የሚመስል በሽታ ወደ ሳንባና ወደ አጥንት ተሰዶ ማግኘቱን ጽፎአል። በዚያ ዘመን ይህ የታወቀው ከሞት በኋላ ሬሳ ሲመረመር ነበር። ዛሬ በሕይወት ሳለን እንዲታወቅ ያስቻሉን መሣሪያዎች ናቸውና አሁን ወደ እነርሱ እንለፍ።

ቅርጽን የሚያዩ መሣሪያዎች

የመጀመሪያው ራጅ ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው በ1895 (እ.ኤ.አ.) ነው። ራጅ ጥላ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለው አጥንት ነጭ፥ የተበላው ክፍል ጠቈር ብሎ ይታያል። ነገር ግን ከአጥንቱ ማዕድን ከመቶ ሠላሳ እስከ አምሳ እጅ የሚሆነው ካልጠፋ ቀዳዳው በራጅ በደንብ አይታይም። ስለዚህ «ራጁ ደኅና ነው» መባል ሁልጊዜ «አጥንቱ ደኅና ነው» ማለት አይደለም።

አልትራሳውንድ የድምፅ ማዕበል ልኮ የገደል ማሚቶውን ይቀበላል። ጨረር የለውም፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል። ለአንገት ከሁሉ የተሻለው የመጀመሪያ ምርመራ ይህ ነው። ሲቲ ስካን ሰውነትን በራጅ እንደ ድፎ ዳቦ እየቈራረሰ ያሳያል፤ የሳንባ ጥቃቅን ነጠብጣቦችን ለማየት ይመረጣል። ኤም አር አይ በመግነጢስ ኃይል የሚሠራ ሲሆን ለአንጎልና ለአጥንት መቅን ይበልጣል።

እነዚህ ሁሉ ቅርጽን ያሳያሉ። «እዚህ ቦታ አንድ ነገር አለ» ይላሉ፤ ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ ግን ለመናገር ይቸገራሉ። መርፌም ቢሆን የራሱ ወሰን አለው። የፎሊኩላር ካንሰር ሕዋስ ጕዳት የሌለውን እብጠት ሕዋስ ስለሚመስል ከአንገት በመርፌ የተወሰደ ናሙና ሁለቱን አይለይም። ልዩነቱ የሚታወቀው ዕጢው ወጥቶ ካንሰሩ ሽፋኑን ወይም ደም ሥሩን መስበሩ ሲታይ ነው። የጎረቤታችን ናሙና ግን የተወሰደው ከራስ ቅል ነበር። የእንቅርት ሕዋስ በራስ ቅል ላይ ምንም ሥራ የለውምና በዚያ መገኘቱ ብቻውን ምስክር ሆነ።

ሕዋሱን በስሙ የሚጠራው መሣሪያ

የእንቅርት ሕዋስ አዮዲንን ከደም ውስጥ የሚስብበት ልዩ በር አለው። አገሩን ለቆ በራስ ቅል ወይም በኵላሊት ቢሰፍርም ብዙ ጊዜ ይህን ጠባዩን አይተውም። በሰው አገር የሚኖር ሰው የእናቱን ምግብ እንደሚናፍቅ ሁሉ እርሱም አዮዲን ሲያገኝ ይስባል። እንግዲህ አዮዲኑ በሄደበት ሁሉ «እዚህ ነኝ» ብሎ የሚጮኽ ቢሆንስ?

ይህን አሳብ ወደ ሥራ ያመጡት የፊዚክስና የሕክምና ሊቃውንት አብረው ነው። በ1936 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የቦስተን ሐኪም ሶል ኸርትስ ጨረር አመንጪ አዮዲን በሰው እጅ ሊሠራ ይቻል እንደ ሆነ ጠየቀ። በ1938 ጆን ሊቪንጉድና ግሌን ሲቦርግ በካሊፎርኒያ አዮዲን 131ን አገኙ። ኸርትስም በ1941 ጨረር አመንጪ አዮዲንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕክምና ብሎ ለእንቅርት ዕጢ ሕመምተኛ ሰጠ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ሳይድሊንና ጓደኞቹ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ታሪክ ነው። የኒው ዮርክ ነዋሪ የሆነ አንድ ሰው የእንቅርት ዕጢው ከብዙ ዓመት በፊት በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት ነበር። ዕጢ የሌለው ሰው ሆርሞኑ ሊጐድልበት ሲገባ እርሱ ግን ሆርሞን በዝቶበት ይከሳ ነበር። ጨረር አመንጪ አዮዲን ሰጥተው ጨረር በሚቈጥር መሣሪያ ሰውነቱን ሲፈትሹ አዮዲኑ ካንሰሩ በተሰደደባቸው ቦታዎች ተከማችቶ አገኙት። ሆርሞኑን ይሠሩ የነበሩት እነዚያ ስደተኛ ሕዋሳት ነበሩ! የዚያው አዮዲን ጨረርም ሕዋሳቱን ስለሚጐዳ ማሳያው መድኃኒትም ሆነለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዮዲን 131 ሁለት ዓይነት ጨረር ያወጣል። ቤታ የተባለው በሥጋ ውስጥ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም፤ ስለዚህ አጠገቡ ያለውን ካንሰር ይገድላል። ጋማ የተባለው ሰውነትን አልፎ ይወጣል፤ በውጭ ያለው ጋማ ካሜራ ተቀብሎ ሥዕል ያደርገዋል። ይህን ካሜራ ሃል አንገር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሠራው። ጨረሩን የሚይዘው ክሪስታል ራሱ ሶዲየም አዮዳይድ መሆኑ ያስገርማል፤ አዮዲንን የሚፈልገው አዮዲን ነው ማለት ነው። በአዲሶቹ መሣሪያዎች የጋማው ሥዕል ከሲቲ ስካን ጋር ተደርቦ ስለሚታይ ነጠብጣቡ በየትኛው አጥንት ላይ እንዳለ በትክክል ይታወቃል።

የአዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው። በ8ኛው ቀን ግማሹ፥ በ16ኛው ቀን ሩቡ፥ በ80ኛው ቀን ከሺህ አንድ ያህሉ ብቻ ይቀራል። የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ ይህን በሒሳብ ክፍል የተማርነውን ስሌት ራሳችሁ ሠርታችሁ ፈትኑት።

ዐይንን የሚያታልሉ ነገሮች

ይህ ምርመራ ዝግጅት ይፈልጋል። አስቀድሞ ዕጢው በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት፤ አለዚያ አብዛኛውን አዮዲን እርሱ ይበላዋል። ሕመምተኛውም ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት አዮዲን ያለበትን ጨው ይተዋል፤ ሕዋሳቱ ተርበው እንዲጠብቁ ነው። ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው ማድመቂያ መድኃኒት ራሱ ብዙ አዮዲን አለበት። ስለዚህ በቅርብ የወሰደው ሰው ለጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልገዋል። ይህን ለሐኪሙ አለመናገር ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

ደግሞ የሚያበራ ሁሉ ካንሰር አይደለም። የምራቅ ዕጢዎች፥ ሆድ ዕቃና ፊኛ በተፈጥሮ ያበራሉ። በኪስ የተቀመጠ፥ ምራቅ ወይም ንፍጥ የነካው መሐረብ እንኳ በሥዕሉ ላይ የዳሌ ካንሰር መስሎ ሊታይ ይችላል! ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም ልብስ አስለውጦ፥ አሳጥቦ፥ እንደገና ያነሣል።

በአንጻሩ የማያበራ ሁሉ ጤና አይደለም። ካንሰሩ እየከፋ ሲሄድ አንዳንድ ጊዜ አዮዲን የመሳብ ጠባዩን ይረሳል። በዚህ ጊዜ ጨረር አመንጪ ስኳር የሚሰጥበት ፔት ስካን የተባለ ምርመራ ይረዳል፤ ክፉ ካንሰር ስኳርን አብዝቶ ይበላልና። ሌላው ምስክር ታይሮግሎቡሊን የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን የሚሠራው የእንቅርት ሕዋስ ብቻ ስለ ሆነ ዕጢው ከወጣ በኋላ በደም ውስጥ እየጨመረ ከተገኘ ከአንድ ስፍራ የተደበቀ ሕዋስ አለ ማለት ነው። ሐኪሙም ከራስ እስከ እግር ይፈልገዋል።

የጎረቤታችን መጨረሻ

ጎረቤታችን በመቐለ ዕጢያቸው ከወጣ በኋላ ለአዮዲኑ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ከመቐለ እስከዚያ በመኪና 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጆቻቸው ለመንገዱና ለማረፊያው ገንዘብ አዋጡ፤ የጐደለውን ዕድራችን ሞላ። መድኃኒቱን ውጠው ከጥቂት ቀን በኋላ በጋማ ካሜራ ሲታዩ ራስ ቅላቸው አበራ፤ ማንም ያልጠረጠረው ቀኝ ዳሌአቸውም አበራ። ለሁለት ዓመት ያህል ሲያነክሱ «ቁርጥማት ነው» እያሉ ቅባት ይቀቡት የነበረው ያ ዳሌ ነበር።

ዛሬ እኒህ እናት በሕይወት አሉ። እብጠቷ ቀንሳለች፤ የዳሌ ሕመማቸውም ቀሎአል። ፈጽሞ ድነዋል ለማለት ግን አይቻልም፤ በየጊዜው ይመረመራሉ፤ የሆርሞን ክኒናቸውንም በየጧቱ ይወስዳሉ። «ገና እንቅርቱ ሳለ ብታይ ኖሮ» ሲሉ ሰምቼአቸዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይህ ንግግራቸው ነው።

ምን እናድርግ?

ለመፍራት ምክንያት የለም፤ ለመናቅ ግን ከዚያ ያነሰ ምክንያት አለ። አንደኛ፥ በቤታችን አዮዲን ያለበትን ጨው እንጠቀም። አዮዲን በፀሐይ፥ በእርጥበትና በሙቀት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፥ ወጥ ውስጥም በመጨረሻ ይጨመር። ሁለተኛ፥ እንቅርት ያለበት ዘመድ ቢኖረን አንድ ጊዜ ሐኪም እንዲያየው እንምከረው። እንቅርቱ በድንገት ካደገ፥ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፥ ድምፅ ከጐረነነ፥ መዋጥ ካስቸገረ ወይም በአንገት ጐን ንፍፊት ከወጣ መዘግየት አይገባም። ሦስተኛ፥ እንቅርት ያለበት ሰው የማይለቅ የአጥንት ሕመም ወይም አዲስ እብጠት በማናቸውም ቦታ ሲያገኘው ለሐኪሙ «እንቅርትም አለብኝ» ብሎ ይንገር።

ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ብዙ ገንዘብ ከሚያስወጣ መሣሪያ ሁሉ ትቀድማለች። ጋማ ካሜራ የሚያየው ወደ ፊቱ የቀረበውን ሰው ነውና፤ ሰውየውን ወደዚያ የምታደርሰው ይህች ቃል ናት። እኛ ተማሪዎች በየቤታችን እናቶቻችንንና አያቶቻችንን ብናሳስብ ትልቅ ሥራ ሠራን ማለት ነው። እኔም ዛሬ ማታ ወደ ቤቴ ስገባ የአያቴን አንገት በደንብ እመለከታለሁ፤ እናንተም እንደዚሁ አድርጉ።